ከቀኝ ጉልበታቸው በስተቀር

ይቆይ እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም። ያወጡለት የመሥሪያ ቤት ጓደኞቹ ናቸው፤ በክፋት ሳይሆን በሥራው። ሰውየው የጤና ኢንሹራንስ ኩባንያ ውስጥ ፋይል መርማሪ ነው። የሚያሳክመው መሥሪያ ቤት የሌለው፣ በግሉ ኢንሹራንስ መግባት የፈለገ ሰው ስለ ጤናው የሚጠይቅ ቅጽ ይሞላል፤ ቅጹም ዞሮ ዞሮ ይቆይ ጠረጴዛ ላይ ያርፋል። እሱም አንገቱን ደፍቶ፣ ይህ ሰው ነገ ይታመም ይሆን፣ ቢታመምስ ምን ያህል ያስወጣናል እያለ ይመረምራል። ጤነኛ የመሰለው በመደበኛው ክፍያ ይገባል። ትንሽ የሚያሰጋ ነገር ያለበት ጨምሮ እየከፈለ ይገባል። የታወቀ በሽታ ያለበት ደግሞ በሽታው ውጭ ይቀርና ሰውየው ይገባል። ነገሩ ያልጠራ እንደሆነ ግን አመልካቹ ተመርምሮ ውጤቱን እስኪያመጣ ድረስ ፋይሉ ላይ "ይቆይ" ተብሎ ይጻፍበታል።

ታዲያ ለዚህ ሰው "ይቆይ" መጻፍ ነፍሱ ነው። ጉንፋን ይዞኝ ነበር ያለውን ያቆያል። "ጤናዬ እጅግ በጣም ጥሩ ነው" ብሎ የጻፈውንማ ይበልጥ ያቆየዋል፤ "እጅግ በጣም" የምትለዋ ነገር ታጠራጥረዋለች። ምሳ ሰዓት ላይ አስተናጋጇ ምን ልታዘዝ ስትለው የምግብ ዝርዝሩን እንደ ፋይል አገላብጦ "ትንሽ ይቆይ" ይላል። ጓደኞቹ በልተው ሲነሱ እሱ ገና ዳቦው መቼ እንደተጋገረ እየጠየቀ ነው።

ይህ ሁሉ ያስቃል እንጂ ማንንም አይጎዳም ነበር፣ መኪና መንዳት የምታስተምር አንዲት ልጅ ባትወደው ኖሮ። የልጅቷ ሥራ ፍሬንና ነዳጅ ካልለየ ሰው ጎን ተቀምጦ መዋል ነው። መጀመሪያ የተዋወቁ ቀን ይህንን ስትነግረው በሆዱ "ይቺ ጨምራ ነው የምትከፍለው" አለ። ብዙም ሳይሰነብት ግን ራሱ መኪናዋ ውስጥ፣ የኋላ ወንበር ላይ፣ መተንፈስ እስኪያቅተው ቀበቶውን አጥብቆ ተቀምጦ ተገኘ። ወደዳት፤ ወደደችውም። መቼ ነው የምንጋባው ስትለው ግን መልሱ ያው ነው። የቤት ኪራይ ቀለል ይበል፣ ትንሽ ይቆይ። ዝናቡ ያባራ፣ ትንሽ ይቆይ። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ሲወጣ ደግሞ ፀሐዩም በረድ ይበል።

እውነተኛውን ምክንያት ለማንም አልተናገረም፤ እኛ ግን እንወቀው። አባቱ ገና ጎልማሳ ሳለ አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ሊሄድ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ሲያስር እዚያው ቀረ። ልብ ነው አሉ። አያቱም በዚያው በልብ ነበር የሞቱት አሉ። ይቆይ ያኔ ልጅ ነው፤ የትምህርት ቤት ቦርሳውን አንግቶ በር ላይ ቆሞ ያይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማሰሪያ ያለው ጫማ አድርጎ አያውቅም። ልጅቷ ፋሽን ይመስላታል። ደረጃ ሲወጣ ደረቱ ውስጥ ድው ድው የሚል ነገር ይሰማዋል፤ የማንም ልብ ደረጃ ላይ ድው ድው እንደሚል ጠፍቶት አይደለም፣ ግን ይፈራል። ቀኑን ሙሉ የሰው የደም ግፊት ሲያነብ የሚውለው ሰው የራሱን ክንድ ለሐኪም ዘርግቶ አያውቅም። አግብቶ ወልዶ፣ አንድ ጠዋት በር ላይ ሌላ ልጅ ቦርሳውን አንግቶ ሲያየው ይታየዋል። እሷ ግን ይህን ከየት ታውቀዋለች። በቅርቡ፣ "ይሄ ዓመት እስኪያልቅ ነው። ከዚያ በኋላ አልጠብቅህም" ብላዋለች፤ ልጅቷ ደግሞ ያለችውን የምታደርግ ናት።

ነገሩ እንዲህ ሆኖ ሳለ አንድ ጠዋት ከፋይሎቹ ክምር የላይኛውን ቢያነሳ፣ ሥራ በሚለው ቦታ "ልብስ ማጠብና መተኮስ" ይላል። አድራሻውን አየ። ፎቶውን አየ። እትዬ ፓውዛ ናቸው፤ የልጅቷ እናት። ፓውዛ ያሏቸው ደንበኞቻቸው ናቸው፤ ማንም ዓይን የማያየውን እድፍ ከመንገድ ማዶ ስለሚያዩ። ሱቁ የራሳቸው ስለሆነ ቢታመሙ የሚያሳክማቸው የለም፣ ልጄ ላይ ደግሞ አልወድቅም ብለው ነው ኢንሹራንስ ያማራቸው።

ቅጹን ሲገልጥ ላብ ላብ አለው። የደም ግፊት፣ የለብኝም። ቀዶ ሕክምና፣ የለም። የመገጣጠሚያ ሕመም፣ የለም። ይቆይ እኮ እቤታቸው ምሳ በተጋበዘ ቁጥር ስለ ደም ግፊታቸው፣ ስለ ወጣው የሐሞት ጠጠራቸው፣ ስለ ቀኝ ጉልበታቸው በየተራ ሲሰማ የከረመ ሰው ነው። ጉልበታቸውን ከአንዳንድ ዘመዶቹ የበለጠ ያውቀዋል። አሁን ምን ያድርግ? ዋሽተዋል ቢል የልጅቷን እናት ውሸታም አለ። ዝም ብሎ ቢያሳልፍ የማይረባ ውል አስያዛቸው። ተነስቶ ወደ ክፍሉ ኃላፊ ቢሮ ሄደና ሁሉንም ነገራት።

"የምታውቃቸው ከሆነማ አንተ አትወስንም፤ ውሳኔውን እኔ እፈርማለሁ" አለች ኃላፊዋ። "ግን ሂድና ጥያቄዎቹን አስረዳልኝ። ትናንት ሌላ ሠራተኛ ቢደውልላቸው 'ከማላውቀው ሰው ጋር ስለ ሆዴ አላወራም' ብለው ዘግተውበታል።"

በምሳ ሰዓት ወደ ልብስ ማጠቢያው ሄደ። ሱቁ በእንፋሎት ታፍኗል፤ የታጠበው ልብስ በፕላስቲክ ተሸፍኖ ከጣሪያው ሥር በሰልፍ ተሰቅሏል። እትዬ ፓውዛ ካውያ ይዘው የሰው ሸሚዝ ላይ አጎንብሰዋል። ባንኮኒው ጋ ልብሳቸውን የሚጠብቁ ደንበኞች አሉ።

"እትዬ፣ እዚህ ጋ የደም ግፊት አለብዎት ወይ ሲባሉ የለብኝም ብለዋል።"

"አዎ።"

"ግን አለብዎት።"

"ላንተ አለብኝ" አሉ ካውያውን ሳያቆሙ። "ለኩባንያው የለብኝም።"

"እትዬ፣ እንዲህማ አይሆንም።"

"እንዴት አይሆንም? አንተ ሰው ቤት ስትገባ መጀመሪያ ቀን ጉድህን ዘርግፈህ ነው የምትገባው? መጀመሪያ ግባ። ከዚያ ቀስ እያልክ።"

ይቆይ ምራቁን ዋጠ። እንደዚያ አድርጎ እነሱ ቤት የገባው እሱ ራሱ ነው። ቢሆንም ሥራ ነውና ለሰው ሁሉ የሚያስረዳውን ማስረዳት ጀመረ።

"አሁን ማንም አይፈትሽዎትም። የሚፈተሹት የታመሙ ቀን ነው። ሆስፒታል ተኝተው ሂሳቡ ሲመጣ ኩባንያው የድሮ ካርድዎን ያስወጣል። ክኒኑን ከመቼ ጀምሮ እንደሚወስዱ እዚያ ላይ አለ። ያን ጊዜ ደብቀውብናል ብሎ ውሉን ያፈርሰዋል። ሲከፍሉ ኖረው በሚያስፈልግዎት ቀን ባዶ እጅዎን ይቀራሉ። ተናግረው ቢገቡ ግን ትንሽ ያስጨምሩዎት ይሆናል እንጂ ማንም አያባርርዎትም። ውል የሚያፈርሰው በሽታ አይደለም፤ የተደበቀ በሽታ ነው።"

ይህችን የመጨረሻዋን ሲናገር ጆሮው ጋለ። ለብዙ ሰው ተናግሯታል፤ ወደ ራሱ ዞራ ስትመጣ ግን የመጀመሪያዋ ነው።

እትዬ ፓውዛ ካውያውን አቆሙ። ሶኬቱን ነቀሉ። ወንበር ስበው ተቀመጡ።

"ብዕርህን አውጣ" አሉ።

እንግዲህ ሰው ተናገር ሲባል ልክ አለው፤ ለእትዬ ፓውዛ ግን ልክ ብሎ ነገር የለም። ከደም ግፊቱ ጀመሩ፣ ሐሞቱን አወጡ፣ ጉልበቱን አስከተሉ። እዚያ ላይ ቢያቆሙ ጥሩ ነበር። በሕፃንነታቸው ጆሯቸው ውስጥ የገባውን ባቄላ ተናገሩ። ባቄላው ወጥቷል ወይ ሲላቸው "መውጣቱን በምን አውቃለሁ፣ ጻፈው" አሉ። ከአጥር ወድቀው የተሰበረ ጥርሳቸውን አሳዩት። ሟቹ ባለቤታቸው ሲያንኮራፉ ከእንቅልፍ የጎደለባቸውን ሁሉ አስመዘገቡ። አንዲት ደንበኛ ከባንኮኒው ማዶ "ያ አንገትዎ ላይ የወጣብዎት ሽፍታስ?" አለች። "አንቺ ባትኖሪ ረስቼው ነበር፣ እሱንም ጻፍ" አሉ። ሌላው ደንበኛ ደግሞ፣ ባለፈው ዶሮ ሲያባርሩ አዙሮዎት አልነበረም ወይ ብሎ አስታወሰ። የቅጹ ቦታ አለቀና ይቆይ የተረፈውን በልብስ መቀበያ ካርዶች ጀርባ ላይ ጻፈው። የባቄላው ነገር የሰፈረው "አንድ ኮት፣ ግራጫ" ከሚለው ጀርባ ነው።

ሊሄድ ሲነሳ እትዬ ፓውዛ እግራቸውን ዘረጉ። ለጉልበታቸው ይሻላል ተብለው የሚያደርጉት ሸራ ጫማ የቀኙ ማሰሪያ ተፈቷል።

"በል እንግዲህ፣ እቺን እሰርልኝ። ጉልበቴ አይታጠፍልኝም፤ ጠዋት ጠዋት ልጄ ናት የምታስርልኝ።"

ይቆይ ማሰሪያውን አየ። ፊቱ አመድ መሰለ።

"ትንሽ... ትንሽ ይቆይ፣ እትዬ። ልጅዎ አሁን ትመጣለች" ብሎ ቦርሳውን አንስቶ ወጣ። በሩ ላይ ከተሰቀለ የሰው ካፖርት ጋር ተጋጭቶ ይቅርታ ጠየቀው። እትዬ ፓውዛ ምንም አላሉም፤ ከኋላው ጫማውን አዩት።

በሳምንቱ ኩባንያው ክሊኒክ ልኮ አስመረመራቸው። ሚዛን ላይ ሲወጡ ጫማቸውን፣ ሻርፓቸውን፣ የጆሮ ጌጣቸውን አውልቀው፣ አሁንም ቁጥሩ አልወረደም ሲሏቸው መነጽራቸውን አወለቁ። ያን ጊዜ ቁጥሩ ስለማይታያቸው ደስ አላቸው። ውጤቱ መጣ፣ ኃላፊዋ ፈረመች፣ ይቆይም ውሳኔውን ለመንገር ስልክ ደወለ።

"እንኳን ደስ አለዎት፣ እትዬ። ገብተዋል። ለደም ግፊቱ በየወሩ ትንሽ ይጨምራሉ።"

"ይሁን። እሱን ነግረኸኛል።"

"ሐሞቱ ወጥቶ ስላለቀ ችግር የለውም። ባቄላውንም አልፈውልዎታል። ከቀኝ ጉልበትዎ በስተቀር ሁሉም ነገርዎ ተሸፍኗል።"

ስልኩ ውስጥ የእንፋሎት ድምፅ ብቻ ተሰማ።

"ግራውስ?" አሉ።

"ግራው ገብቷል።"

"ልጄ፣ ሁለቱ አብረው ነው የሚኖሩት። አንዱን አስገብታችሁ አንዱን በር ላይ አቁማችሁት እኔ በምን ልራመድ ነው?"

"እትዬ፣ ኢንሹራንስ ገና ላልመጣ ነገር ነው። ጉልበትዎ ግን መጥቷል። ነገ መታከሙ ከአሁኑ የታወቀ ነው፤ ኩባንያው እሱን ከተቀበለ ሌላው ሰው ሁሉ ከታመመ በኋላ እየመጣ ይመዘገባል። ያኔ ለማንም የሚተርፍ ገንዘብ አይኖርም።"

እትዬ ፓውዛ ካውያውን ሲያስቀምጡ ተሰማ። ደንበኛ መጥቶ ሲያነጋግራቸው እንኳ አልመለሱም።

"እናንተ ሰው ስትቀበሉ እንዲህ ነው እንዴ የምትጠነቀቁት?"

"አዎ፣ እትዬ።"

"ጥሩ ነው። ደግ አድርጋችኋል። እኔም ልቀበለው የማስበው አንድ ሰው አለ። እሑድ ምሳ ስትመጣ ያልተሞላ ቅጽ ይዘህልኝ ና።"

ይቆይ ምስኪኑ፣ አዲስ ደንበኛ ያገኙለት መስሎት ደስ አለው። ቅጹን በንጹሕ ፖስታ አደረገው፤ አዲስ ብዕርም ጨመረበት።

እሑድ ምሳው ተበልቶ ሳህኑ ከተነሳ በኋላ እትዬ ፓውዛ ጠረጴዛውን ወለወሉት፣ መነጽራቸውን አደረጉና ቅጹን ፊታቸው ዘረጉ። ልጅቷ ሻይ ይዛ ከጎናቸው ተቀመጠች፤ ሳቋን አፏ ውስጥ ይዛዋለች።

"ሰውየው የታለ?" አለ ይቆይ።

"ተቀምጧል" አሉ እትዬ ፓውዛ። "አመልካች፣ ሥራ?"

"እትዬ..."

"ሥራ፣ ሰው ማቆየት ብያለሁ። ሲጋራ?"

"አላጨስም።"

"አደገኛ ስፖርት ታዘወትራለህ?"

"የኔ መኪና ውስጥ ይቀመጣል" አለች ልጅቷ።

"ያዘወትራል። ከዚህ በፊት ሌላ ኩባንያ አልቀበልም ብሎህ ያውቃል?"

"የምን ኩባንያ?"

"ኩባንያ ማለቴ ቤት ነው። ሌላ ቤት፣ ሌላ እናት።"

ይቆይ ወደ ልጅቷ አየት አድርጎ አቀረቀረ። የተደበቀ ነገር ውል ያፈርሳል ብሎ ያስተማረ ሰው እንዴት አድርጎ ይዋሽ።

"አንድ ጊዜ" አለ።

"ምክንያት?"

"ቆየሁባቸው። ልጅቷ ሌላ አገባች።"

"ይሄንን አላውቅም ነበር" አለች አስተማሪዋ። ሳቋ ግማሽ ድረስ ወርዷል።

"ሐኪም ለመጨረሻ ጊዜ ያየህ መቼ ነው?" አሉ እትዬ ፓውዛ።

ይቆይ ማንኪያውን አነሳ። ሻዩን አማሰለ። ስኳር አልጨመረበትም ነበር።

"ስወለድ" አለ በመጨረሻ። "ስወለድ ነበረ ይላሉ።"

እትዬ ፓውዛ ከመነጽራቸው በላይ አዩት። ከዚያ ቀጣዩን ጥያቄ ቀስ ብለው አነበቡ። "ወላጅ አባት፣ በሕይወት ከሌለ የሞተበት ምክንያት።"

"በድንገት ነው።"

"ድንገት በሽታ አይደለም።"

ይህን ስንት ሰው ፋይል ላይ እንደጻፈው ይቆይ ራሱ ያውቃል። በዚሁ ቃል፣ በቀይ ብዕር። አሁን አዲሱን ብዕር የያዙት ሴትዮ ግን መጻፉን ትተው ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

"እሺ፣ ቅጹ ላይ የሌለ ልጠይቅህ" አሉ። "ጫማህ ለምንድነው ማሰሪያ የሌለው? ያን ቀን ማሰሪያዬን ሳሳይህ እባብ ያየህ ነበር የመሰልከው።"

ይቆይ ከጠረጴዛው ሥር እግሮቹን ሰብሰብ አደረገ። ለማለፍ ሞከረ፣ አፉም ሊያግዘው አልቻለም። እና ነገራቸው። ስለ አባቱ፣ ስለዚያ ጠዋት፣ ስለ አያቱ፣ ደረጃ ላይ ድው ድው ስለሚለው ነገር ነገራቸው። ድምፁ እየተቆራረጠ ነው የወጣው፤ አዋቂ ሰው ነውና አለማልቀስ ፈልጎ ነበር፣ አልሆነለትም።

"የኔ ፋይል ጠረጴዛዬ ላይ ቢመጣ ይቆይ ነው የምልበት" አለ። "ተመርምሮ እስኪመጣ ድረስ ይቆይ። መመርመሩን ደግሞ ፈራሁ። ስለዚህ ቆየሁ።"

ልጅቷ ኩባያዋን አስቀመጠች። ተቆጥታለች፣ ዓይኗ ደግሞ እንባ ሞልቷል፤ የቱ ቀድሞ እንደሚወጣ ራሷም አላወቀችም።

"ለዚህ ነው?"

"ለዚህ ነው።"

"እኔ እኮ የማልበቃህ መስሎኝ ነበር" አለች። "ዝናቡ፣ ኪራዩ ስትለኝ፣ ይሄ ሰው አልፈለገኝም፣ አልፈልግሽም ለማለት ግን ፈርቷል ብዬ... እኔ በየቀኑ ወደ ግድግዳ ከሚነዳ ተማሪ ጎን ነው የምቀመጠው። ይሄን ብትነግረኝ እፈራ ነበር ብለህ ነው?"

"አንቺ እንደማትፈሪ አውቃለሁ። የፈራሁት እኔ ነኝ።"

እሷ ተነስታ ወደ ኩሽና ሄደች። ዕቃ ሲታጠብ ተሰማ፤ ዕቃው ግን ቅድም ታጥቦ ነበር። እትዬ ፓውዛ ቅጹን አጣጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።

"ነገ ሱቁ ዝግ ነው" አሉ። "ጠዋት መጥቼ እወስድሃለሁ። እሷ ታደርሰናለች።"

በማግሥቱ እትዬ ፓውዛ በተመረመሩበት ክሊኒክ የሆነውን ሰው ሁሉ እስካሁን ያወራዋል። የግፊት መለኪያው ጨርቅ ክንዱ ላይ ሲነፋ ይቆይ ትንፋሹን ስለያዘ ነርሷ "ጌታዬ፣ መተንፈስ ይፈቀዳል" አለችው። ቁጥሩ ጣሪያ ነካ። ትንሽ ይረጋጉ ተብሎ ሲለካ ይባስ ወጣ፣ ምክንያቱም ተረጋጋ መባሉ አስደነገጠው። ደም ልትቀዳ መርፌውን ስታወጣ ደግሞ ከነወንበሩ ወደቀ። ዓይኑን ሲገልጥ እትዬ ፓውዛ በቅጹ እያራገቡት ነው።

"ሞትኩ?" አለ።

"አልሞትክም። ብትሞት ይሄ ሁሉ ሰው አይስቅም ነበር።"

በመጨረሻ ደረቱ ላይ ሽቦ ለጠፉበት፣ የልቡንም ምስል አነሱት። ሐኪሙ፣ ምስሉን የልብ ስፔሻሊስቱ አይቶት ሐሙስ ውጤቱን እንነግርሃለን አለው። ይቆይ ሸሚዙን ቆልፎ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ከእትዬ ፓውዛ ጎን ተቀመጠ። ደክሞታል። ገና ሐሙስ መድረስ አለ።

"እንግዲህ እስከ ሐሙስ ይቆይ" አለ፤ ከልማድ የወጣ ነው።

እትዬ ፓውዛ ቅጹን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ታችኛው ጠርዝ ላይ፣ ውሳኔ በሚለው ቦታ መጻፍ ጀምረዋል። አንገቱን አስግጎ አየ። "ገብቷል" ይላል።

"እትዬ፣ ውጤቱ ሳይመጣ አይወሰንም እኮ።"

"እናንተ ጋ ነው የማይወሰነው።"

"ልቤ ደህና ባይሆንስ? እርስዎ ራስዎ አባትዬው በምን ሞቱ ብለው ጠይቀው..."

"የጠየቅኩት እንድትነግረን ነው እንጂ ላባርርህ ነው እንዴ?" አሉ። ብዕሩን ዘግተው መለሱለት። "እናንተ እኔን ተቀብላችሁ ጉልበቴን ውጭ አቆማችሁት። አልፈርድባችሁም፤ ሥራችሁ ነው፣ አስረድተኸኛል። እኔ ግን ሰው ስቀበል ቆራርጬ አይደለም። ከነልብህ ነው የገባኸው።"

"ቢታመምስ?"

"ቢታመም የኛ ልብ ነው የታመመው። እናሳክመዋለን።"

ይቆይ ፋይል ሲያገላብጥ በኖረበት ዘመን ሁሉ እንዲህ ያለ ውሳኔ አይቶ አያውቅም፤ ቢያይም ኖሮ ወደ ኃላፊዋ ይመልሰው ነበር። አሁን ግን የተመለሰለትን ብዕር ኪሱ ከተተው።

ከታች የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። እትዬ ፓውዛ የወንበሩን ጠርዝ ይዘው ለመነሳት ሞከሩና ተመልሰው ተቀመጡ። የቀኝ ጫማቸው ማሰሪያ ተፈቶ መሬት ነክቷል። አዩት። ይቆይም አየው። እሰርልኝ አላሉትም፤ ቦርሳቸውን ሲከፍቱና ሲዘጉ ቆዩ።

ይቆይ ከወንበሩ ተነሳ። ጎንበስ አለ። ልቡ ድው ድው ይላል፣ ማሰሪያው ከጣቱ ያመልጠዋል። መጀመሪያ የቋጠረው ተፈታ። ደግሞ ቋጠረው፤ አሁንስ እንዳይፈታ ብሎ በላዩ ላይ ደግሞ ቋጠረበት። እዚያው ጎንበስ እንዳለ ትንሽ ቆየ፣ የሚመጣ ነገር ካለ ይምጣ ብሎ። ምንም አልመጣም። አንድ የጽዳት ሠራተኛ እግርዎን ያንሱልኝ ከማለቷ በስተቀር።

"ጨረስክ?" አሉ እትዬ ፓውዛ ከላይ።

"ጨረስኩ።"

"በል በቀኝ በኩል ሁንልኝ። ያኛው ዋስትና የለውም።"

በቀኝ በኩል ሆነላቸው። ክንዱን ሰጣቸው፣ ሙሉ ክብደታቸውን ጣሉበት፣ ደረጃውን አንድ በአንድ እያሉ ወረዱ።

በሩ ላይ ማስተማሪያዋ መኪና ቆማለች። መሪው ጋ የተቀመጡት ጡረታ ከወጡ በኋላ መንዳት ያማራቸው አንድ ሰውዬ ናቸው፤ አስተማሪዋ ከጎናቸው ሆና መስኮቱን ዝቅ አደረገች። ፊቷ እንቅልፍ እንዳልተኛች ይናገራል።

"ሐኪሙ ምን አለ?" አለችው።

"ሐሙስ ነው የሚታወቀው።"

"ሐሙስ" አለች። መስማት የሰለቻትን ቃል እየጠበቀች ወደ ፊት ዞረች።

"ስለዚህ" አለ ይቆይ፣ የእትዬ ፓውዛን ክንድ እንደያዘ፣ "ረቡዕ ብንጋባ ይመችሻል?"

ሽማግሌው ተማሪ ደንግጠው ነዳጅ ረግጠው ነው መሰለኝ መኪናዋ ዘላ ሞተሯ ጠፋ። አስተማሪዋ ፍሬኑን ያዘችና በመስኮቱ እስከ ወገቧ ወጥታ ይቆይን አንገቱን አቀፈችው፤ እትዬ ፓውዛም ከኋላ ወንበር ገብተው ቀበቷቸውን እያሰሩ ረቡዕ ሱቁን ማን እንደሚከፍት ማሰብ ጀመሩ።